መሪው ላይ ሰው አይቀመጥም

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሚስቴ ታንጉት ለጎረቤት ስታማኝ «አራጌ ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነው» ትላለች፤ ትንሽ ታጋንን እንደሁ እንጂ ውሸት አይደለም። ቆቦ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፤ የባጃጅ ጣሪያ አቃናለሁ፤ ወገቡ የተሰነጠቀ አይሱዙ ቢመጣልኝም አልመልስም። በከተማው «አራጌ የበየደው አይለቅም» ይባላል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ምን አስዋሸኝ። ከዓመት ተመንፈቅ ወዲህ ግን ቁጭ አለማለቴ የሥራ ጥድፊያ መሆኑ ቀርቷል። አሁን አላስቆም አላስቀምጥ የሚለኝ ፈሪድ ነው።

ፈሪድ አብሮ አደጌ ነው። ከሮቢት እስከ ዋጃ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ተራ የደረሰው መኪና ቆሞ እያለ መንገደኛው «እኛ የፈሪድን እንጠብቃለን» ብሎ ጥላ ስር ይቀመጥ ስለነበር ተራ አስከባሪዎቹ ስንቴ ተጣልተውታል። መሪ ሲይዝ እጁ አይቸኩልም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እግሬን ሳወራጭ እያየ «አንተን ይዞ ከመሄድ ፍየል ጭኖ መሄድ ይሻላል» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር፤ እግሬን ግን አልሰበስብም።

በዚያ ኅዳር፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ሚኒባሱ ሮቢት አጠገብ ሞተሩ ጠፍቶ አልነሳ አለ። ደወለልኝ። እኔ በአሮጌዋ ፒካፔ አምስት ባለ ስድስት ሜትር ቱቦላሬ ብረት ጭኜ ከወልድያ እየተመለስኩ ነበርና እንዳለሁ ደረስኩለት። ብረቱ ከኋላ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። እዚህ መንገድ ላይ የቆመ መኪና እንዴት እንደሚሳብ ሁሉም ያውቀዋል፤ ገመድ ይታሰራል፣ አንዱ ከፊት ይጎትታል፣ አንዱ የሞተው መኪና መሪ ላይ ይቀመጣል። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ እንደሚሆን፣ መሪውም አልዞር እንደሚል ሁሉም ያውቀዋል። ግን መቶ ጊዜ አድርገነው መቶ ጊዜ በሰላም ገብተናል። ፈሪድ ገመዱን አየት፣ ብረቱን አየት አድርጎ «መጀመሪያ ብረቱን እናራግፈው፤ ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ምን እንዳስቸኮለኝ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። «አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ አታካብድ» አልኩት። ገመዱን አሰርን፤ እሱ ሚኒባሱ መሪ ላይ ተቀመጠ።

ቆቦ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ግመሎች ከማሽላው መሀል ወጥተው አስፋልቱን ሞሉት። ፍሬን ያዝኩ። እኔ ቆምኩ፤ ፈሪድ ግን በምኑ ይቁም? ብረቱ በመስታወቱ ገባ። ጩኸት አልሰማሁም፤ የሰማሁት የመስታወቱን መርገፍ ብቻ ነው። ያገኘው ግራ ክርኑን ነበር። ደሴ ድረስ ተወስዶ ክንዱ ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደታጠፈ ቀረ፣ አይዘረጋም።

ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ ሄድኩ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ኢብሮ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው «አውፍ በለው» ብለው ይቅርታ ለመኑልኝ። ፈሪድ በሩ ላይ የታሰረች ፍየል እያየ «አውፍ ብያለሁ» አለ። ዱአ ተደረገ፤ ሚስቱ ሳሊሀ ምሳ አቀረበች፤ በላን። አገሩ ሁሉ ነገሩ አለቀ አለ። እኔ ግን ዓይኑን አላየሁትም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነው?» ይለኛል፣ «ሰላም ነው» እለዋለሁ፣ እንተላለፋለን። እንደ ድሮው ብየዳ ቤቴ መጥቶ የእንጨት ሳጥኑ ላይ አልተቀመጠም።

ሚኒባሱ ለባለንብረቱ ተመለሰ፤ ባለንብረቱም ዋሲሁን ለሚባል ልጅ እግር ሹፌር ሰጠው። ፈሪድ ወደ አባቱ መሬት ገብቶ ገበሬ ሆነ። እርሻ ምን ነውር አለው፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አንጀቴን የሚያበግነው ሌላ ነው። ሰውየው መኪና የሚባል ነገር ላይ መውጣት ተወ። ቆቦ ገበያ ሲመጣ ባጃጆቹ ውጣ እያሉ እየለመኑት አንድ ሰዓት በእግሩ ይሄዳል። ብታመም እንኳ በቃሬዛ ውሰዱኝ እንጂ መኪና ላይ እንዳታወጡኝ ማለቱን ሳሊሀ ለታንጉት ነግራታለች። ታንጉት ይህን ስትነግረኝ የያዝኩት መዶሻ እጄ ላይ ከበደኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ፈሪድን መሪ ይዞ ማየት። ከአፉ የወጣውን አውፍ ሰምቻለሁ። ከሆዱ የሚወጣውን የማገኘው ያኔ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን በር እየበየድኩ ቀና ስል፣ አንዲት ፒካፕ ነጭ የቤት መኪና እየጎተተች በደጃፌ አለፈች። የነጩ መኪና የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጠዋል። ገመድ የለም። መሪው ላይም ሰው የለም። የብየዳ ጭንብሌን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፤ አልደረስኩባትም፣ ወደ ዋጃ ሄደች። ተመለስኩና ያየሁትን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሳልኩት። ጋሪውን አንድም ሳላስቀር ሳልኩት፤ ዓይኔ ላይ የቀረው ግን ባዶው ወንበር ነው። ያን ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ፈሪድ አጠገቤ ተቀምጦ በእግሬ እያሾፈ ቆቦ እንገባ ነበር።

በማግስቱ ጀመርኩ። ከቤቴ ጀርባ ሞተሯ የወለቀ አሮጌ መኪና ነበረች፤ የኋላ አክስሏን ከነጎማው አወጣሁ። በላዩ ከብረት አልጋ ሠራሁለት። አልጋው ላይ የተሳቢው መኪና ሁለት የፊት ጎማዎች የሚያርፉባቸው ሁለት ወፍራም የላሜራ ገበታዎች፣ ጎማውን ጠፍሮ የሚይዝ ሰንሰለት፣ ከኋላ መኪናው የሚወጣበት መወጣጫ፣ ከፊት ደግሞ ፒካፗ ላይ የሚያያዝ ረጅም አንገት አደረግሁለት። ሁሉንም በየድኩት። ቡሎን የሚበቃውን ቦታ በየድኩ፤ የበየድኩትን ደግሜ በየድኩ። የሚነቃነቅ ነገር ማየት አልፈልግም ነበር። የተነቃነቀ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ሌላው ሥራዬ ሁሉ ቆመ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ዘላለም የሚባል መምህር ላዘዘው በር ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ «ግድ የለም፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ» ብሎኝ ሄደ። አፈርኩ፣ ግን አላቆምኩም። የዚያ ቀኑ ብረት፣ አምስቱም፣ ከብየዳ ቤቱ ጥግ እንደቆመ ነው። የአንዱ ጫፍ ተጣሟል። አልሸጥኩትም፣ አልሠራሁበትም። ሌላ ብረት ፍለጋ ስንከራተት ያየችኝ ታንጉት ይሄን ለምን አትጠቀምበትም ብትለኝ ጮህኩባት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ እውነት አላት።

ሰኔ ሲገባ ጋሪው አለቀ። ለሙከራ ዋሲሁን ሚኒባሱን ሊያውሰኝ ተስማማ። መሞከሪያ ቦታ ሞልቶ ሳለ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሜዳ መረጥኩ። ሜዳው ከፈሪድ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ለምን መረጥከው የሚለኝ ካለ፣ እሱ እንዲያይ ነው። ደግሞም ነበር። በታጠፈው ክንዱ ጅራፍ ይዞ፣ በቀኙ እርፍ ጨብጦ፣ ጥንድ በሬውን ይዞ ያርሳል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሚኒባሱን አየ፤ የራሱ የነበረውን። ወዲያው ወደ ትልሙ ተመለሰ።

ወሬ ሰምቶ የመጣው ሰው ሜዳውን ከበበው። ዋሲሁን ሚኒባሱን መወጣጫው ላይ አወጣው፤ የፊት ጎማዎቹን በሰንሰለት ጠፈርኩ፤ መሪው እንዳይዞር በገመድ አሰርኩት፤ ፒካፗን አስነሳሁ። ቀጥ ብዬ ስነዳ እንዴት ያምራል! ሰው አጨበጨበ። እኔም በመስኮት ብቅ ብዬ እንደ ሙሽራ እጄን አወዛወዝኩ። የሜዳው ጫፍ ደርሼ ስዞር ግን የጋሪው ጎማዎች ወደ ጎን እየተጎተቱ አፈሩን ላጉት፤ አንገቱ ተንጣጣ፤ አንዱ ሰንሰለት ተበጠሰና ሚኒባሱ በአፍንጫው መሬት ላይ ወረደ። መብራቱ ተሰበረ። ዋሲሁን ራሱን ያዘ። ከሰዉ መሀል አንዱ «አራጌ የበየደው አይለቅም!» ብሎ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ደሜ ፈላ። መፍቻውን ወደ መሬት ወረወርኩት፤ ተሳደብኩም፤ ማንን እንደተሳደብኩ ግን አላውቀውም። ዋሲሁን ሚኒባሱን አስነስቶ ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ። ሰውም ተበተነ። እኔ ጋሪውን እየዞርኩ፣ በእግሬ ጎማውን እየነካሁ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ለስንት ጊዜ እንደዞርኩት እንጃ። ቀና ስል ፈሪድ በሬዎቹን እንደጠመደ ከፊቴ ቆሟል።

እኔን አላየኝም፤ ጋሪውን ነው ያየው። ጎንበስ ብሎ አንገቱ ከአልጋው የተጋጠመበትን ብየዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሁሉንም በይደኸው ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አንድም የሚነቃነቅ አልተውክም? አንድም። በሬዎቹን በጅራፉ ነካ አድርጎ አዞራቸው። ቀንበሩ አብሯቸው ዞረ፤ ሞፈሩ ግን አልተጠማዘዘም፣ ዘግየት ብሎ ተከተላቸው። ሁለቱን የሚያያይዘው የቆዳ ጠፍር፣ ምራኑ፣ ሲጥጥ አለ።

«ቀንበርና ሞፈር የሚበይድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ፈሪድ። «አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ምራን ያሰርኩ ሰው ነኝ። ምራን የሚላላው ሞፈሩ እንዳይሰበር መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ብየዳ ስማር ረሳሁት። የማይለቅ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ጀመር። እንደዚያ የበየድኩት መነቃነቅ ፈርቼ ነው ልለው አፌን ስከፍት፣ እሱ በሬዎቹን እየነዳ ሄዷል። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሲያናግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን መሳቂያ መሆኔን እንኳ ረሳሁት።

አልጋውን ከአንገቱ ቆርጬ ለየሁት። ሐሳቤ የጎማዎቹ ገበታዎች የተቀመጡበት አልጋ መሀሉ ላይ በአንድ ወፍራም ቡሎን ብቻ ተይዞ ወዲያና ወዲህ እንዲዞር፣ የታችኛው ክፍል ደግሞ ከፒካፗ ጋር እንዲሄድ ነው። ለዚህ ጠንካራ ብረት ያስፈልጋል፤ በእጄ ያለው ቀጭን ነው። ሲሄድ የሚታጠፍብኝ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

በገበያ ቀን ፈሪድ በእግሩ መጥቶ ከብየዳ ቤቴ ደጃፍ ቆመ። አልገባም። ግባ ማለት ፈራሁ። ቡሎኑን አየ፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ብረት አጣሁ አልኩት። ዓይኑ ወደ ጥጉ ሄደ። የተጣመመውን ጫፍ አየው፤ ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ያ አይበቃህም?» አለኝ።

«እሱን አልነካውም።»

«ብረቱ ምን አጠፋ?» አለና ወደ ገበያው ሄደ።

ብረቱ አላጠፋም ማለት ያጠፋው ሌላ ነው ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በድንጋይ ሸክሙ ቀን ያልተነገረኝ ነገር ያን ቀን ተነገረኝ። አመመኝ። ግን ውሸት ስላልነበረበት ደግሞ ቀለል አለኝ። ከሰዓት በኋላ አምስቱንም ብረት አውርጄ መቁረጥ ጀመርኩ። ታንጉት አይታ ውኃ አመጣችልኝ።

ጋሪው ተጠናቅቆ ደጄ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመ። የሚፈልገው ሰው ጠፋ። መኪና የቆመበት ሁሉ ገመዱን ይዞ መሪው ላይ እየተቀመጠ ያልፋል፤ «ያቺ የአራጌ ጋሪ» እያለም ይስቃል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ እነሳለሁ። ባዶውን ጋሪ እየጎተትኩ እስከ ሮቢት ሄጄ ተመለስኩ፤ መዞሪያው ላይ ሁሉ ዞርኩበት፤ አልጋው እየዞረ ተከተለኝ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። ማን ያየዋል?

ሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዋሲሁን ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ለእህቱ ሠርግ ሚኒባሱን ሊያጥብ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ወዳለ አሸዋማ ወንዝ ይዞት ወርዷል። ወንዙ ውስጥ ቦይ የምታህል ውኃ ብቻ ናት ያለችው፤ እዚህ አገር ሹፌር ሁሉ እንዲህ ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ ሞተሩ አልነሳ አለ፣ የፊት ጎማዎቹም አሸዋው ውስጥ ሰመጡ። በአይሱዙ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቴም ገመዱ ተበጥሷል። ከኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከምዕራብ ያለው ደጋ ግን ጠቁሯል። ራያ ላይ ጎርፍ የሚመጣው በኛ ዝናብ አይደለም፣ በደጋው ዝናብ ነው። ጋሪውን ፒካፗ ላይ አያይዤ ስወጣ ጫማዬን እንኳ አላሰርኩም።

ስደርስ ገበሬዎቹ ወንዙ ዳር ተሰልፈዋል። አካፋና ቅርንጫፍ ይዘው የጠለፋውን አፍ ያበጃሉ፤ ጠለፋ ጎርፉን ከወንዙ ወደ ማሽላቸው የሚያስገቡበት ቦይ ነው። እነሱ ጎርፉ ቶሎ እንዲመጣላቸው ይለምናሉ፣ ዋሲሁን እንዳይመጣበት። አባ ኢብሮ ስልካቸውን እንደያዙ፣ ከላይ ካሉት ዘመዶቻቸው ደውለውላቸው ጎርፉ መነሳቱን ነገሩኝ። እዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው አሉ። ከአጠገባቸው ፈሪድ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል።

ፒካፗን ወደ ወንዙ አወረድኩ። ክሪክ አስገብቼ ላነሳው ብል ክሪኩም አሸዋው ውስጥ ገባ። ያኔ አባ ኢብሮ ሰዎቹን ጠሩ። አሥራ ሁለት ሰው ያህል አካፋውን ጥሎ ወርዶ የሚኒባሱን አፍንጫ ያዘ፤ ያ አላህ፣ ያ አላህ እየተባለ ተነሳ። እኔ ጋሪውን ከፒካፗ ፈትቼ ከስር ገፍቼ አስገባሁ፤ ጎማዎቹ ገበታዎቹ ላይ አረፉ። ሰንሰለቱን ጠፈርኩ፤ መሪውን አሰርኩ፤ አንገቱን መልሼ ፒካፗ ላይ አያያዝኩ። ፈሪድም በአንድ እጁ ይዞ ሲያነሳ ነበር። ቀና ስል ግን ከሰዎቹ መሀል የለም።

ፒካፗ ውስጥ ነው። በኋላ መስታወቷ በኩል ጭንቅላቱን አየሁት። ሞተሯን አስነስቷል። የታጠፈው ክንዱ መሪው ላይ ልክ ገብቷል፤ ለመሪ ተብሎ የታጠፈ ይመስላል። ማንም ግባ አላለውም።

ያኔ ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሄጄ የሚኒባሱን በር ከፍቼ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አያስፈልግም ነበር፤ መሪው ታስሯል፣ ጋሪው የተሠራው ለዚሁ ነው። ልቤ ግን እዚያ መቀመጥ ፈለገ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የሚመጣ ነገር ካለ እኔ ላይ ይምጣ። ፈሪድ በመስታወቱ አየኝ። ከላይ በኩል የሆነ ድምፅ መሰማት ጀምሯል፤ ገበሬዎቹ ወደ ዳር እየወጡ ነው። እሱ ከፒካፗ ወርዶ፣ ሳይቸኩል፣ አሸዋውን እየረገጠ መጣ።

«ውረድ» አለኝ።

«መሪውን ቀጥ አድርጌ ልያዝልህ።»

«ሰው እንዳይቀመጥበት አይደል የሠራኸው?»

«ዛሬ እኔ ልቀመጥ፣ ፈሪድ። አንተ ጎትተኝ።»

ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ኅዳር ወዲህ ዓይኔን ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እኔ አንተን ከኋላዬ አስቀምጬ አልነዳም» አለ። «ውረድና አጠገቤ ቁጭ በል።»

ወረድኩ። ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። ፒካፗ አቃሰተች፤ ገበሬዎቹ ተመልሰው ሚኒባሱን ከኋላ ገፉ፤ ጎማዎቹ አሸዋውን ለቀቁ። ዳሩ ላይ የሚያወጣው መንገድ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ እዚያ ስንደርስ ዞሬ ወደ ኋላ አየሁ። አልጋው ቡሎኑ ላይ ዞረ። ሚኒባሱ ዘግየት ብሎ ተከተለን። ከወጣን በኋላ እስከ መቶ ብትቆጥሩ ነው፣ ጎርፉ ጠቁሮ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ፣ እኛ የነበርንበትን ቦታ ሞላው። ገበሬዎቹ እልል ብለው ወደ ጠለፋቸው ሮጡ። ዋሲሁን መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አባ ኢብሮ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ ጀርባውን ይመቱታል።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ወርዶ መሪውን ይሰጠኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰጠኝም። ዋሲሁን ከፒካፗ ጀርባ ላይ ወጣ፣ ፈሪድ ወደ ቆቦ ዞረ። እጄን የማደርግበት አጣሁ፤ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት፣ መስኮቱ ላይ አደረግሁት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በየመቶ ሜትሩ ዞሬ ወደ ኋላ አያለሁ። ሚኒባሱ ይከተለናል፤ መሪው ላይ ሰው የለም።

ቆቦ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ግመሎች ከማሽላው ወጡ። አይታችሁ ታውቁ እንደሁ፣ ግመል መኪና አይቶ አይቸኩልም። እግሬ በራሱ ጊዜ ወለሉን ረገጠ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። ፈሪድ ቀስ አድርጎ ፍሬን ያዘ። ከኋላችን ብረት ከብረት ነክቶ ቋ አለ። ሌላ ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ቆመናል፤ ግመሎቹ አንገታቸውን እያወዛወዙ በፊታችን ያልፋሉ። የፈሪድ ግንባር በላብ ርሷል፤ መሪውን የያዘው እጁ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ያኔ አውፍ ያልኩህ ሽማግሎቹን አክብሬ ነው» አለ፣ ግመሎቹን እያየ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አሁንስ?»

የመጨረሻዋ ግመል እስክታልፍ ጠበቀ። ማርሽ አስገባ።

«አሁን እየነዳሁ ነው» አለኝ። «እግርህን ሰብስብ፤ ፍየል እንኳ ካንተ ይሻላል።»

እግሬን ሰበሰብኩ። ቆቦ እስክንገባ ድረስ ቁጭ አልኩ።